ሌባ አጥተን ተቸገርን

ሰሞኑን አራት ሆነን ባልዱርስ ጌት 3 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ጀምረናል፣ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ዱባይ። እና ማን ምን ይሁን የሚለው ላይ ስንደርስ አንዱ ፓላዲን፣ ለጽድቅ የማለ ባለ ጎራዴ፣ ሆነ፣ ሌላውም ፓላዲን ሆነ፣ የዱባይዋ ሶርሰረር፣ አስማተኛ ማለት ነው። ለኔ የቀረችው ሌባነት ናት። ለምን እኔ ስላቸው "ላንተ ትሄዳለች" ይሉኛል! አንተስ ስለው ደግሞ የቨርጂኒያው "ኧረ ባክህ እኔ በጌምም ቢሆን ሌባ አልሆንም" ብሎ ዘሩን እንደሰደብኩበት ተቆጣ።

ጌሙን ለማታውቁት፣ ሌባ ማለት ኪስ የሚገባ ብቻ አይደለም፣ የተቆለፈ ሳጥን የሚከፍተው፣ ወለል ላይ የተቀበረ ወጥመድ አይቶ የሚያመክነው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ያ ሁሉ ባለ ጥሩር ጀግና ኮሪደር ላይ ተጠብሶ ይቀራል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ መሆን የሚፈልግ ግን የለም። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ማን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ።

"ሌባ እናት ልጇን አታምንም" የምትል ተረት አለች፣ በጣም ነው የምወዳት። ሰው ለስድብ ይጠቀምባታል እንጂ ለኔ ሙገሳ ናት። ሴትየዋ እኮ ባለሙያ ናት! ሌማቱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ መቀነቱ የቱ ጋ እንደሚፈታ የምታውቀው ሰርታበት ነው። ወጥመድም እንደዛው ነው፣ የቀበረው ሰው ያሰበውን ማሰብ የማይችል አያገኘውም። ሙያ የሌለበት ፍለጋ ምን እንደሚመስል ደግሞ ያያቶቻችን ዘመን በሌባሻይ አይቶታል፣ አንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው በገመድ አስረው ይለቁታል፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ነበር እኮ።

በድሮው፣ እ.ኤ.አ. በ1998ቱ ባልዱርስ ጌት ክለሪኩ፣ ቄሱ በሉት፣ ጸልዮ ወጥመዱን ያሳይሃል፣ ቀይ ሆኖ ይታይሃል፣ ማምከን ግን አይችልም። አየሁት፣ እና? ስለዚህ ብልጦቹ በአስማት አውሬ ይጠሩና "አንተ ቅደም" ብለው ይሰዱታል። መስሪያ ቤት ውስጥ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ላይ ሲደረግ ያየሁት ነገር ነው፣ ወደዛ ከገባሁ ግን አልወጣም።

መቼም ያለ ሌባ አይኖርም እያልኩ አይደለም። የነዚህ ጌሞች ሁሉ አባት፣ በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክለሪክ ብቻ ነበር ያለው፣ ሌባው የተጨመረው በ1975 ነው። እስከዛ ሰው ሦስት ሜትር የሚሆን እንጨት ገዝቶ ወጥመድ ይኖራል ብሎ ወለሉን እየነካካ ይሄድ ነበር፣ እንጨቱ ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ዋጋ ወጥቶለታል።

እኔ ራሴ ሌባ ላይ ቂም አለኝ። ባልዱርስ ጌት 2 ላይ ዮሺሞ የሚባል ሌባ አብሮን ነበረ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ምርጥ ምርጡን ዕቃ ያስታጠቅኩት፣ ስፔልሆልድ የሚባለው የአስማተኞች እስር ቤት ስንደርስ ለጠላት አሳልፎ ሰጠኝ። ሲጣራ "በአስማት ተገድዶ ነው።" እሺ፣ እኛስ አገር ተይዞ ያልተገደደ ማን አለ? ጭራሽ ሲሞት ልቡን ቤተ መቅደስ ወስደህ ነፍሱን አሳርፍለት ይሉሃል! ወሰድኩለት፣ ቂሙ ግን አለ።

ቢሆንም ዮሺሞ ቁልፉን በገዛ እጁ ነበር የሚከፍተው። የኔን ደም የሚያፈላው ይሄ የቨርጂኒያው ፓላዲን ነው። ያባቱ ቤት ካርታ የሆነ ቢሮ ውስጥ ተቀብሮ ሲቀር በየማታው እየደወለ "እዛ ጋ ሰው የለህም?" ሲለኝ የከረመ ሰው ነው። ሰው የለህም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሌላ በኩል ሰው ተገኘ፣ ለሻይ ተባለ፣ ላከ፣ ካርታው ወጣ፣ ከዛ ስልክ ላይ ይዞኝ አገሪቷ በሙስና እንዴት እንደጠፋች እስኪሰለቸኝ አስረዳኝ። ጉዳዩን ያስጨረሰለትን ልጅ እስካሁን "ያ ሌባ" ነው የሚለው። ላኪው ማነው ታዲያ? አሁን ደግሞ ፓላዲን!

ብቻ ጌሙ... እኔ ተዋጊ ሆንኩና አስተዳደጌን የጎዳና ልጅ አደረግኩት፣ እሱ የእጅ ቅልጥፍና ይሰጣል፣ ባልዱርስ ጌት 3 ላይ መክፈቻ የያዘ ማንም ሰው ቁልፍ መሞከር ይችላል። ፓላዲኖቹ ደስ አላቸው፣ "እሱ ልጅነት ነው ችግር የለውም" ተባለ። ያው እጅ፣ ያው ቁልፍ! ዳይሱ እምቢ ሲል ግን መክፈቻው ይሰበራል፣ መክፈቻ አለቀ። ሌቭል 3 ስንደርስ የዱባይዋን ኖክ የምትባለውን ቁልፍ የምትከፍት አስማት ውሰጂልን እባክሽ አልናት፣ "እኔ የናንተ ቁልፍ ሰሪ ነኝ እንዴ?" ብላ ሚስቲ ስቴፕን፣ ብልጭ ብለህ ሌላ ቦታ የምትገኝባትን አስማት፣ ወሰደች። አሁን የእንጨት በር ሲገጥመን ሁለቱ ፓላዲኖች በየተራ በጎራዴ ይፈልጡታል፣ ብረት ከሆነ ደግሞ "ውስጡ ምንም የለም ባክህ" ተባብለን እናልፋለን።