ፍርሃታችንን ለማን አደራ ሰጠነው?

የጎጃም ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው እኔንም ይጨምራል።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት አንድ የቆሎ ተማሪ አጥራችን ሥር ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳውን አንግቷል፣ ውሻው ሲጮህበት በትሩን ጠበቅ አድርጎ ይዟል። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። አልከፈትሁም። ማታ ስልክ ላይ ያየሁት ወሬ ገና ከሆዴ አልወጣም ነበርና «ማን ያውቃል፣ ማን ልኮት ይሆን?» አልሁ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠራና ሄደ። በቅኔ አገር፣ በቅኔ ቤቶቹ በነዋሸራ አገር ተቀምጬ ቁራሽ የሚለምን ሕፃን ፈራሁ!

ዘመኑ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ፍርሃታችን ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ቤቱ ያልተነካ ማን አለ? ጌታም በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እስኪወርድ ተጨንቋል፤ ስለዚህ መፍራት በራሱ ኃጢአት ነው የሚላችሁን አትስሙ። እኔን የሚያናድደኝ ፍርሃቱን የምንቀልበው ቀለብ ነው። ማታ ማታ ወሬ እናበላዋለን። ከየት እንደመጣ ሳናጣራ «ሰማህ?» እያልን ለጎረቤት እናቀብላለን፣ እሱም እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ሲነጋ ደግሞ ማተባችንን እንዳሰርን ጠንቋይ ቤት ወረፋ እንይዛለን። ኧረ ነውር ነው! ካህኑ በቅዳሴ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ» ያልነው በዚሁ አፋችን አይደለም እንዴ?

ሰከላ ወርዳችሁ የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ የተጠመቃችሁ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ ሊታሰሩ ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ። ሲፈቱ መጥተው ወንዙን ጠሩት፣ መጻሕፍቱም ሳይርሱ ወጡላቸው። ይህን ስንሰማ እልል እንላለን፣ ጠበሉን በጀሪካን ቀድተን እንመለሳለን፣ ቤት ስንገባ ግን የአንዲት ሌሊት ስጋት እንኳ ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ያቅተናል። አደራ እኮ ሰጥቶ መተኛት ነው፤ ሌሊት እየተነሱ «አለ ወይ?» ማለት ምን የሚሉት አደራ ነው? ነፍሷን ይማረውና አያቴ ማታ በሩን ስትቀረቅር መወርወሪያው ላይ አማትባ «አንተ ጠብቅ፣ እኔ ደክሞኛል» ትል ነበር። ከዚያ ትተኛለች። እሷም ክፉ ዘመን አይታለች።

ሐዋርያትም በር ዘግተው ነበር። ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 20 ሳይሸሽግ ጽፎታል። ከፍርሃት የተነሳ ደጁ ተቆልፎ ሳለ ጌታ መካከላቸው ቆሞ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው። ልብ በሉ፣ የሰቀሉት ሰዎች ያኔም እዚያው ኢየሩሳሌም ነበሩ፣ ደጅ ያለው ነገር ገና አልበረደም። ሰላሙ ግን ቤት ውስጥ ገባ። በጰራቅሊጦስ ዕለት አደባባይ የሰበኩት እነዚያው በር የዘጉት ሰዎች ናቸው። እኛ ደጁ ካልረጋ አንረጋም ብለን ስንት ቀን ልንቀመጥ ነው?

እባካችሁ ዛሬ ማታ ስልኩን ቶሎ አስቀምጡት። ዳዊት የሚችል ዳዊቱን ይድገም፣ ፊደል ያልቆጠረ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃዋል። ያዘነ ጎረቤት ካለ ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ፈርታችሁ የቀራችሁበት ለቅሶም ካለ ነገ ድረሱ።

ያ ልጅ ይመለስ እንደሆነ አላውቅም። እንጀራውን ከማታ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀምጫለሁ።