«ጋሼ፣ ነዳጅ አትልቀቅ!»

ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ጉዳዩ የቤት ኪራይ አይደለም፤ የታክሲ ሰልፍም አይደለም። ጌም ነው። የመኪና ውድድር ጌም። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሰፈራችን አንዲት ጠባብ ፕሌይስቴሽን ቤት አለች። ሕጓ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ሰሞኑን የቤቷን ኪራይ የምሸፍነው እኔ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። የሚያስከፍለኝ ደግሞ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት በቅጡ የማይነካ ልጅ ነው።

እኔ የምይዘው ፖርሽ 911 ነው። እሱ ማዝዳ ኤምኤክስ-5። የሱ መኪና የፈረስ ጉልበት የኔን ግማሽ አይሞላም። ቀጥታው ላይ ጥዬው እሄዳለሁ። ከዚያ ኩርባው ይመጣል። እገባለሁ። ፍጥነቱ የበዛ ይመስለኛል። እደነግጣለሁ። ነዳጁን የያዘችው ጣቴ ትለቃለች። በቃ! የመኪናው ኋላ ፊቱን ሊቀድም ይነሳል። ስክሪኑ ላይ የማየው መንገዱ መሆኑ ቀርቶ ከፊት ለፊቴ የምትመጣ ቀይ ማዝዳ ይሆናል። ልጁ ክላክስ እያደረገ ያልፈኛል። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፦

«ጋሼ፣ ነዳጅ አትልቀቅ!»

መሸነፉስ ይሁን። «ጋሼ» ምን የሚሉት ነው? 30 እንኳ አልደፈንኩም እኮ!

ከዚያ መካሪው ይፈላል። አንዱ «ጆይስቲኩ ነው» ይላል። አንዱ «ጎማ ቀይርለት»። ከኋላ የቆመው፣ ተጫውቶ የማያውቀው፣ «ጉልበት ጨምርበት» ይላል። ወንድሜ፣ መኪናው የሚዞርብኝ ጉልበት አንሶት ነው?

ጌሙ ራሱ ነው ያበላሸን። ስሙን አልጠራም። መኪና ስትመርጥ የፈረስ ጉልበቱን በትልቁ ይጽፍልሃል። ከፍተኛ ፍጥነቱን ይጽፍልሃል። ቀለም ለመምረጥ ብቻ ገጽ በገጽ ነው፤ ሰማያዊው ራሱ ስንት ዓይነት መሰላችሁ። ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ግን ጥግ ላይ በጥቃቅን ቁጥር «39፡61» ብሎ ያልፈዋል። ምን ማለት እንደሆነ የሚነግርህ የለም። እኔ ወር ሙሉ የኳስ ውጤት እንደሚያይ ሰው እያየሁት አለፍኩ።

ነገሩ ሁሉ እዚያች ቁጥር ውስጥ ነበር። 911 ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞተሩን የተሸከመው ከኋላ ጎማዎቹም ኋላ ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ማዝዳዋ ግን እኩል ለእኩል ትቀርባለች፤ ግማሹ ፊት፣ ግማሹ ኋላ። ጭነቱ በሁለቱም ጎን የተመዛዘነ አህያ አይታችሁ ከሆነ እሷ ናት። የኔ ጭነቱ ወደ ኋላ ያጋደለበት ነው።

አሁን ሂሳብ ልሥራላችሁ፤ ለእኔ ማንም አልሠራልኝም። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንበል። 600ው ፊት፣ 900ው ኋላ። የፊትና የኋላ ጎማው በ2.5 ሜትር ይራራቃል፣ የክብደቱ እምብርት ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ፍሬኑን ጎማው እስከሚችለው ስትረግጠው፣ በ1 ጂ (የመሬት ስበትን በሚያህል ኃይል) ማለት ነው፣ 300 ኪሎ ያህል ጫና ከኋላ ተነስቶ ፊት ላይ ይወድቃል። ፊት 900፣ ኋላ 600። ተገለበጠ! ቀጥታ መንገድ ላይ ይሄ በረከት ነው። ያን ያህል ከተነሳለት በኋላም የኋላ ጎማው መሬት ይዞ ፍሬን ያግዛል። 911 ሲቆም ጥሩ የሚቆመው ለዚህ ነው።

ኩርባ ውስጥ ግን ያው ነገር ጉድ ይሠራል። ነዳጅ መልቀቅ እንደ ፍሬን ባይበረታም ጫናውን ወደ ፊት መግፋቱ አይቀርም። የሄደው ጫናው ብቻ ነው። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው ኋላ ተቀምጧል፣ ወደ ውጭ መውጣት ይፈልጋል። የኋላ ጎማው ያንን ሁሉ ብረት ኩርባው ውስጥ አጥብቆ መያዝ ባለበት ሰዓት፣ መሬት ላይ የሚጫነውን ነገር ቀነስክበት። እጁን ጠምዝዘህ ጆንያ እንደ ማሸከም ነው። ይለቃል።

እውነተኛዎቹ ሾፌሮችም ቀምሰውታል። በ1975 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቱርቦ 911 «መበለት አስቀሪ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት በከንቱ አይደለም። ሲረግጡት ዝም ይላል። ቆይቶ፣ ኩርባው መሀል ላይ፣ ጉልበቱ አንዴ ይመጣል። ሾፌሩ ደንግጦ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የኔው ታሪክ ነው፣ እኔ ግን ልብሴን አራግፌ ከወንበር እነሳለሁ።

ይቺ ጣት ግን ይሄን ከየት ተማረች? ካላችሁኝ፣ ከቪትዝ! መንዳት የተማርኩት በአጎቴ ቪትዝ ነው። ሞተሯ ፊት፣ የሚገፋው ጎማ ፊት፣ ክብደቷም ወደ ፊት። እሷን ኩርባ ላይ ብታበዛባት አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሄዳል። ስትለቅላት ጫናው ፊት ጎማው ላይ ይወድቃል፣ አፍንጫዋ ይመለሳል፣ «ተመስገን» ብለህ ትቀጥላለህ። ስንት ዓመት ያዳነችኝ ጣት ናት። አሁን ለ911 ስል አስተዳደጓን ልቀይር?

እጄን አጣጥፌም አልተቀመጥኩም። ሴቲንግ ውስጥ ባላስት የሚባል አለ፤ ተጨማሪ ክብደት ማለት ነው፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ታንሸራትተዋለህ። 100 ኪሎ ፊት ላይ ጫንኩበት። ቁጥሩ አማረ፣ ወደ እኩል ቀረበ። መኪናው ግን ወፈረ! ከኩርባ ሲወጣ ያቃስታል፣ ፍሬን ስይዘው እንደ ድሮው አይቆምም። ልጁ በቀጥታውም መድረስ ጀመረ። ወዲያው አወረድኩት። ደግሞ የፍሬኑን ኃይል ወደ ኋላ አዛወርኩ፤ እሱስ ኩርባው ሳይደርስ ነው ያዞረኝ።

አትሳቁ፣ ትልልቆቹም በዚሁ ይጨቃጨቃሉ። ፎርሙላ ዋን በ2011 (እ.ኤ.አ.) መኪናው ከነሾፌሩ ቢያንስ 640 ኪሎ ይመዝን፣ ከዚያም ፊት ከ291፣ ኋላ ከ342 አይነስ ብሎ ደንብ አወጣ። ደምሩት። 640 የሚመዝን መኪና ላይ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሰው 7 ኪሎ ነው። እኔ ቅዳሜ ከገበያ የምሸከመው ሽንኩርት ይበልጣል! እነዚያ መሐንዲሶች ለ7 ኪሎ እንቅልፍ ካጡ፣ እኔ 100 ኪሎ እንደ ጤፍ ጆንያ መወርወሬ...

ትናንት ማታ ቆርጬ ሄድኩ። ፍሬን በቀጥታው ላይ፣ መኪናው ገና ሳይታጠፍ። ከዚያ ቀስ ብሎ መግባት። ከዚያ ነዳጁን ትንሽ ይዞ አለመልቀቅ፣ ኋላው በጫናው እንዲቀመጥ። ይሠራል! ያ የፈራሁት ኋላ መሬት ቆንጥጦ ሲወጣ ማዝዳዋ የት ትድረሰው። ሁለት ዙር መራሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ «ጉልበት ጨምርበት» ባዩ እንኳ ዝም ብሏል። ልጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጥቷል፣ እግሩ መሬት ነክቷል።

የመጨረሻዋ ኩርባ። ፍሬን፣ ጥሩ። መግባት፣ ጥሩ። ነዳጅ፣ ትንሽ። በግራ በኩል የማዝዳዋ አፍንጫ ብቅ አለች። ብቅ ብቻ ነው ያለችው።

ጣቴ ለቀቀች።

ከፈልኩ።