መጀመሪያ የተሸነፈው ልጅም እስከ መጨረሻው ይጫወት

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ረጅም ናቸው። ቦሌ አራብሳም ይሁን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ጀሞ፣ ነገሩ ያው ነው። ሜዳው ጭቃ ነው። ኳስ የሚቻለው ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ስልክና ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ልጆች የብሎኩ ደረጃ ላይ ተደርድረው ካርድ ሲጫወቱ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል።

የማወራው ስለ ፖኬሞን ካርድ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የተጀመረ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 60 ካርድ ይዞ ይመጣል። ጥቅሉን ዴክ ይሉታል። ካርዶቹ ላይ እርስ በርስ የሚፋለሙ ምናባዊ ፍጡራን አሉ፤ የኃይል ካርድ የሚባለው ደግሞ ፍጡሩ እንዲያጠቃ ጉልበት የሚሰጠው ነው። መሠረታዊ የኃይል ካርድ ካልሆነ በቀር ስሙ አንድ የሆነ ካርድ ከ4 በላይ ማስገባት አይቻልም። ሲጀመር 7 ካርድ በእጅ ይያዛል፤ 6 ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። የተጋጣሚን ፍጡር የጣለ ልጅ ከተደፉት ካርዶቹ ያነሳል። ስድስቱን ቀድሞ አንስቶ የጨረሰ ያሸንፋል። በዚህ መሀል ልጁ ያነባል፣ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ተራውን ይጠብቃል።

አሁን አሁን ወላጆችና የሰፈር ወጣቶች ተባብረው ውድድር ማዘጋጀት ጀምረዋል። በጣም ጥሩ ነው። ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው የውድድር ዓይነት አንድ ነው፤ ጥሎ ማለፍ። የተሸነፈ ይወጣል። እኔ በዚህ አልስማማም። የልጆች ውድድር ሲዘጋጅ ቀድሞ መታሰብ ያለበት መጀመሪያ ላይ የሚሸነፈው ልጅ ነው። አሸናፊው ምንም ብናደርግ ደስ ብሎት ነው ቤቱ የሚገባው።

እስቲ አስቡት። 16 ልጆች ተመዘገቡ እንበል። በጥሎ ማለፍ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 8ቱ ሥራ ፈት ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ሲጠብቁ የቆዩ ልጆች ናቸው። የሚወጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንንሾቹና አዲሶቹ ናቸው። ከሁሉም በላይ መጫወት የሚያስፈልጋቸው እነሱ ነበሩ። በሰፈራችን በተደረገ አንድ ውድድር አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈና ወንድሙ እስኪጨርስ ከሰዓቱን በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆየ። ማንም አልበደለውም። የበደለው የውድድሩ አደረጃጀት ነው።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ቼዝ ተጫዋቾች የስዊስ ሥርዓት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በተካሄደ የቼዝ ውድድር የተጀመረ ነው። ይፋዊ የፖኬሞን ውድድሮችም ይጠቀሙበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ማንም አይሰናበትም። በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ልጆች ይገናኛሉ። ያሸነፈ ካሸነፈ ጋር፣ የተሸነፈ ከተሸነፈ ጋር። ማሸነፍ 3 ነጥብ፣ አቻ 1 ነጥብ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ሁለቴ አይገናኙም።

በ16 ልጆች 4 ዙር ይበቃል። አቻ ከሌለ ውጤቱን ቀድሞ ማስላት ይቻላል። አንድ ልጅ አራቱንም ያሸንፋል። አራት ልጆች ሦስት ያሸንፋሉ። ስድስት ልጆች ሁለት አሸንፈው ሁለት ይሸነፋሉ። አራት ልጆች አንድ ያሸንፋሉ። አንድም ሳያሸንፍ የሚሄደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አራት ጊዜ ተጫውቷል፤ በኋላ የገጠሙትም እንደሱ የተሸነፉ እኩዮቹ ናቸው። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ገና አንድም ያላሸነፉት ሁለት ልጆች ስለሚታወቁ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጠጋ ብሎ ሊያጫውታቸው፣ ሊያበረታታቸው ይችላል። ይህን ሁሉ ለመሥራት ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶ መሙላት ነው።

ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነስ? በደንቡ ተጋጣሚ ያጣው ልጅ እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል። ነጥቡ ይሰጠው፤ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ያጫውተው።

ሁለተኛው ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። እሱም የገንዘብ ነገር ነው። ይህ ጨዋታ በካርዱ ጥራት ይወሰናል። አክስቱ ከውጭ ስትመጣ ሻንጣ ውስጥ አዳዲስ ካርድ የምታመጣለት ልጅ አለ። ከጓደኛው የተራረፈ ካርድ ለቃቅሞ 60 ያሟላ ልጅም አለ። አንዳንዱ 60 መሙላትም አልቻለም። እነዚህን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጦ ጨዋታው እኩል ነው ማለት ልጆቹን መዋሸት ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ቶሎ ነው የሚነቁት። ‹‹እሱ እኮ ካርዱ ነው ያሸነፈው›› ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ለሰፈር ውድድር የምመክረው የጋራ ዴክ ነው። ካርድ ያላቸው ቤተሰቦች የተረፋቸውን ያዋጣሉ። ጨዋታውን በደንብ የሚያውቁ ሁለት ሦስት ወጣቶች ቁጭ ብለው አቅማቸው የተቀራረበ ዴኮች ይሠራሉ። እርስ በርስ ያጋጥሟቸዋል። አንዱ ሁልጊዜ ካሸነፈ ጠንካራ ካርዶቹን ያወጡለታል። ሌላው ሁልጊዜ ከተሸነፈ ይጨምሩለታል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን ለነዚያ ወጣቶች ራሱ ትልቅ ጨዋታ ነው። ከዚያ በውድድሩ ቀን ዴኩ በዕጣ ይታደላል። ማታ ተቆጥሮ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ምንም ካርድ የሌለው ልጅም ባዶ እጁን መጥቶ መጫወት ይችላል። የራሱን ካርድ ይዞ መወዳደር ለሚፈልግ ሌላ ቀን ይኑር። ሁለቱን አለመቀላቀል ነው።

ካርዶቹ አማርኛ አይደሉም። እንግሊዝኛ ማንበብ ገና የሚለማመድ ልጅ ተጋጣሚው ‹‹እንዲህ ይላል›› ያለውን ለማመን ይገደዳል። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ይሸወዳል። በጋራ ዴክ ውስጥ ያሉት ካርዶች የታወቁ ስለሆኑ የእያንዳንዱን ሥራ በአማርኛ በአጭሩ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ክረምቱን ሙሉ ያገለግላል።

አሁን ወላጆች ሁሉ ወደሚጠይቁት ጥያቄ ልምጣ። ‹‹ይሄ ቁማር አይደለም ወይ?›› ጥያቄው ተገቢ ነው። የውርርድ ቤት ወጣቶችን ምን እንዳደረጋቸው ያየ ወላጅ ካርድ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስጋቱ የኛ ብቻም አይደለም። ሳውዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 ፖኬሞንን ስትከለክል ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ ቁማር ነበር። ከዚያ በፊትም ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ካርዱን ከግቢያቸው አግደው ነበር። ልጆች በልውውጥ እየተጣሉ አስቸገሯቸው።

እኔ ጨዋታው በራሱ ቁማር ነው ብዬ አላምንም። ቁማር የሚያደርጉት በዙሪያው የምንፈቅዳቸው ነገሮች ናቸው። አንደኛው ያሸነፈ የተሸነፈውን ካርድ ይውሰድ ማለት ነው። ብይ ስንጫወት ያሸነፈ ይወስድ ነበር፤ ምን ችግር አለው የሚል ሰው አለ። ብይ ርካሽ ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የካርድ ዋጋ ግን እንደየካርዱ በጣም ይለያያል። ልጁ ምን እንዳጣ የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ነው። ስለዚህ በካርድ መያያዝ በፍጹም መፈቀድ የለበትም።

ሌላው የመመዝገቢያ ክፍያ ነው። ገንዘብ ካስፈለገ ለሻይና ለወረቀት ብቻ ይሁን፤ ሒሳቡም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከልጆች የተሰበሰበ ብር ለአሸናፊው ሲሰጥ ግን ቁማር ሆኗል። ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም። የታሸገ የካርድ ፓኬት መሸለምም አልወደውም። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ልጁ የሚማረው ዕድል መጠበቅን ነው። ክረምት ነውና ለተሳተፈ ልጅ ሁሉ አንድ አንድ ደብተር መስጠት ይሻላል። መስከረም ላይ ይጠቅመዋል። ለአሸናፊው በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር አንድ ዋንጫ ይበቃዋል።

ልውውጥን መከልከል ግን አልደግፍም። ልጆች የሚወዱት የጨዋታው ክፍል ነው። የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚያብረቀርቅ ግን ዋጋ የሌለው ካርድ አሳይቶ የሰባት ዓመቱን ምርጥ ካርድ ሊወስድ ይችላል። ልውውጡ ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይሁን። የተጸጸተ ልጅም እስከ ማግስቱ ማታ ድረስ ካርዱን ማስመለስ ይችል። ይህ ሕግ አስቀድሞ ከተነገረ ትልልቆቹ ራሳቸው ይጠነቀቃሉ።

ዳኛ ያስፈልጋል። ዳኛው ልጁ የሚጫወት ወላጅ ባይሆን ይመረጣል፤ ከሆነም በልጁ ጠረጴዛ ላይ አይፍረድ። ይፋዊው የውድድር ደንብ ቅጣትን ደረጃ በደረጃ ነው ያስቀመጠው። ከማሳሰቢያ ይጀምራል። ማባረር የመጨረሻው ነው። ለኛ ሰፈርም ይህ ይሠራል። ትንሽ ልጅ ይረሳል። ሁለት ካርድ ያነሳል፣ ተራውን ይዘላል። ይህ ሌብነት አይደለም። ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሶ ማስተካከልና መቀጠል ነው። ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ልጆች ዴካቸውን ይበውዙ፤ ተጋጣሚውም ይቁረጥ። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ‹‹አጭበረበርክ›› ትቀንሳለች።

ከልጆቹ በላይ የሚያስቸግረው ግን እኛ ወላጆች ነን። ልጁ ጀርባ ቆሞ ‹‹ያንን ጣል፣ ይሄን ያዝ›› የሚል አባት አይጠፋም። የተጋጣሚዋን ልጅ እጅ አይታ ለልጇ በዓይኗ የምትጠቅስ እናትም አለች። በይፋዊ ውድድር ተመልካች ለተጫዋች ስለ ጨዋታው መናገር አይፈቀድለትም። እኛም የወላጅ ወንበር ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ይደርደር። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብለን ያደግን ሰዎች በልጅ ካርድ መጣላት አይገባንም።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ አራት ዙር በ30 ደቂቃ ቢደረግ፣ ከነመሀሉ እረፍት 11 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። መብራት ቢጠፋም ገና ቀን ነው። እረፍቱ ከአስር ሶላት ጋር ቢገጥም ሙስሊም ልጆችና ወላጆች ሳይቸገሩ ይሰግዳሉ። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፤ ብዙ ልጆች ይጾማሉ። ስለዚህ ቆሎ፣ ፓስቲ፣ ሻይ። ሁሉም አብሮ የሚበላው ይቅረብ። ወተት ያለበት ብስኩት አቅርቦ ግማሹን ልጅ ማስመልከት ደስ አይልም።

ሴቶች ልጆች ጥቂት ናቸው። ጨዋታውን ስለማይወዱት አይመስለኝም። ክረምት ላይ የቤት ሥራውም ትንሽ ወንድም መጠበቁም እነሱ ላይ ይወድቃል። ለመጋበዝ ደግሞ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻ አይበቃም። በር አንኳኩቶ እናትየውን ‹‹ልጅሽን ላኪያት፣ ትንሹንም ይዛው ትምጣ›› ማለት ያስፈልጋል። አንድ ጥግ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ትንንሾቹን የሚያይ ሰው ከተመደበ እሷ በነፃነት ትጫወታለች። ይህን ያላደረገ ውድድር ለቤተሰብ ነው ቢባል አላምንም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ነገር ሰፈራችን ውስጥ አለ። ወንበር ዕድር ጋ አለ። ቅዳሜ ቀን ለቅሶ ከሌለ ዕድሩ የሚከለክል አይመስለኝም። ቀሪው ቦታ ነው። በየሳይቱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ። ብዙ ቦታ ግን ተቆልፎ፣ ወይ የአሸዋና የቆርቆሮ ማስቀመጫ ሆኖ ነው የሚውለው። የነዋሪ ኮሚቴዎች ሰኔ ሳያልቅ አንዷን ክፍል አስጠርጋችሁ ቁልፏን ኃላፊነት ለሚወስዱ ወላጆች ስጡ። ዴክ መሥራቱ ብቻውን ጥቂት ሳምንት ይወስዳል፤ ሐምሌ ላይ ከጀመርን ክረምቱ በዝግጅት ያልቅብናል።