በኛ ቀበሌ ማን ዘርቶት አያችሁ?

እዚህ አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም። «የኛ ገበሬ ግትር ነው። ፈረንጅ ግን ጥሩ ነገር ሲያይ ወዲያው ይቀበላል።» በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ያውም አዮዋ ላይ ተቀምጦ!

በዚህ ግዛት መኪና ይዘህ ብትወጣ ግራ ቀኝህ በቆሎ ነው። ዲቃላው የበቆሎ ዘር ለገበሬው የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። ምርት በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ድርቅ ይቋቋማል። ታዲያ ተሻሙበት? ኧረ የት! ብራይስ ራያን እና ኒል ግሮስ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁራን 259 የአዮዋ ገበሬዎችን አነጋግረው በ1943 ጥናታቸውን አሳተሙ። አንድ ገበሬ ወሬውን ከሰማ በኋላ ዘሩን እስኪቀበል በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሲጀምርም በቁራሽ መሬት ነው። ወሬውን የሚያመጣው ሻጩ ነው፤ ልቡን የሚያሳርፈው ግን ጎረቤቱ። በ1941 ከነዚያ ገበሬዎች ዘሩን ያልተቀበሉት ሁለት ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ፈረንጁ 9 ዓመት ሲያመነታ አስተዋይ፣ የኛው ሰው ሁለት ክረምት ሲጠብቅ ግትር የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ዘሩ ቢከሽፍ እኮ የሚጠፋው የልጆቹ የዓመት ቀለብ ነው።

አንድ ጊዜ አገር ቤት ሄጄ የገበሬዎች ስልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ፣ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ውሎ አበል። አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አወጡ። «በኛ ቀበሌ ማን ዘርቶት አያችሁ?» አሉ። መድረክ መሪው «ጥያቄ በመጨረሻ» ብሎ አለፋቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሰዓት አልቋል ተባለ። እስካሁን ያንገበግበኛል። የዕለቱ ቁም ነገር እኮ በእሳቸው ጥያቄ ውስጥ ነበር!

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እንደጻፈው አዲስ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሩቅ ትውውቅ ነው። የቅርብ ወዳጅህማ የሚያውቀው አንተ የምታውቀውን ነው። ለአገር ቤት ሰው ያ ሩቅ ትውውቅ እኛ ዳያስፖራዎቹ ነን። ወሬ ማድረስ እንችላለን። ሰውን የሚያሳምኑት ግን እዚያው አጠገቡ ያሉት ናቸው።

በማላዊ 200 መንደሮች ጉድጓድ ቆፍሮ መዝራትን ለማስፋፋት ጥናት ተደርጎ ነበር። አንድ የሚያውቁት ሰው ሲሠራበት ማየት ለብዙዎቹ አልበቃም። ከአንድ በላይ ሲሆን ነው የተነሱት። ስለዚህ የስልጠና በጀት የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው ለቅማችሁ አዳራሽ አትሙሉ። ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ምንጭ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ሰዎች ፈልጉ። ዘሩን ለነሱ ስጡ፤ መንገድ ዳር ባለው ማሳቸው ይዝሩት።