ብርጭቆ ለሚያሽከረክሩልን

የወይን ጠጅ አዋቂዎቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን። እነርሱ ባይኖሩ ጠርሙስ ከፍተን፣ ቀድተን፣ «ለጤናችን» ተባብለን ጠጥተን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር። ከዚህ ዓይነቱ ኋላቀርነት የታደጉን እነርሱ ናቸው። በየግብዣው አንድ አይጠፋም፤ ታውቋቸዋላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእኛ የደረሰን ደግሞ የምርጦች ምርጥ ነበር። ጠርሙሱ ከስፔን፣ ከሪዮኻ የመጣ ቀይ ወይን ነው፤ ጀርባው ላይ «ሬሴርቫ» ተጽፎበታል። እንዲህ የሚባለው ቢያንስ 3 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 1 ዓመት በባሉጥ እንጨት በርሜል የቆየው ነው። ወይኑ 3 ዓመት ከታገሠ እኛ ግማሽ ሰዓት ብንታገሥ ምን እንሆናለን? የበጉ ሸክላ ጥብስ ቀርቧል፤ ይቅረብ።

መጀመሪያ ቡሹን አሸተተ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በቀኙ ላለው ሰው አቀበለ፤ ቡሹ ጠረጴዛውን ዞረ፤ ሁላችንም በየተራ በአክብሮት አሸተትን። ቡሽ ቡሽ ይላል። ቀጥሎ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆይቶ አፍንጫውን ከተተና «ቫኒላ» አለ። እውነቱን ነው። ሪዮኻዎች ከድሮ ጀምሮ የአሜሪካን ባሉጥ ይወዳሉ፤ 225 ሊትር የሚይዘው በርሜል ቫኒላና ኮኮናት የሚመስል ሽታ ለወይኑ ያወርሰዋል። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ባልከፋኝ። ግን እውቀት መቼ ይገደባል? ትምባሆ አገኘ። ቀረፋ አገኘ። የተላገ ዝግባ አገኘ። በመጨረሻም ትንፋሹን ሰብሰብ አድርጎ «ዝናብ የመታው ኮርቻ» ሲል አበሠረን።

ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «የፈረስ ነው የበቅሎ፣ ልጄ?» አሉት።

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ እንደገና አሸተተ። አሰበ። «የፈረስ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ፈረደ። ሽማግሌውም ይግባኝ እንደሌለው ተረድተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ጠፋ፤ ወይኑ ከኤብሮ ወንዝ ማዶ በየትኛው ተዳፋት እንደበቀለ፣ የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንዳገኘው፣ በለቀማው ሳምንት ሰማዩ ዳምኖ እንደነበር ሁሉ ነገረን። የደበቀን የለቃሚውን ስም ብቻ ነው። ከሸክላው ሥር ፍሙ ከስሟል፤ ስቡም በሥጋው ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። በአስተናጋጇ ላይ ያደረገው ግን አያስቅም። «ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ መሆን እንዳለበት ማንም አልነገረሽም?» ብሎ ጠርሙሱን ሁለት ጊዜ መለሰባት፤ ቀጥሎም በሰው ፊት «ሬሴርቫ ምን ማለት ነው?» እያለ ፈተናት። ልጅቷ ትሪዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወለሉን ታያለች። ይህ ብልግና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። መጀመሪያ ጥቂት የሚቀዳለት ወይኑ በቡሽ ሻጋታ ተበላሽቶ እንደሆነ እንዲያጣራ ነው። «ደህና ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ይባላል፤ አለቀ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችን ሴት ማሸማቀቅ ከየትኛው በርሜል የተቀዳ ጥበብ ነው?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የሚያሳዝኑኝ የሪዮኻ ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪ አላገኙም። በሎግሮኞ ከተማ፣ በላውሬል መንገድ፣ ቆመው ነው የሚጠጡት። አንድ ብርጭቆ፣ ከላዩ ሽሪምፕ የተሰካበት የተጠበሰ እንጉዳይ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቡና ቤት። የበግ ጎድናቸውንም በወይን ሐረግ ፍም ጠብሰው በትኩሱ ይበሉታል። እንዲህ ያለ ችኮላ!

አሮ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ደግሞ ይብሳል። በየዓመቱ ሰኔ 22፣ በፈረንጆቹ ጁን 29፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን፣ ነጭ ለብሰው ኮረብታ ይወጡና ነጩ ሐምራዊ እስኪሆን ወይን በባልዲ ይረጫጫሉ። የእኛን ሰው አንድ ዓመት ብንልክላቸው እወዳለሁ። የመጀመሪያው ባልዲ ሲደፋበት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ልሶ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «ኮርቻ…» ብሎ ሲጀምር ይታየኛል፤ አንዲት የአሮ ባልቴት ሁለተኛውን ባልዲ ይዘው ከኋላው ቆመዋል።