አጥፍተህ አብራው

ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር፣ ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ የዋይፋይ መሣሪያውን ከሶኬት የሚነቅል ሰው በአዳማ እየበዛ መጥቷል። ባለፈው እሑድ የባለቤቴ አጎት የልጃችን ስልክ ከኔትወርኩ እየወጣ ማስቸገሩን እንደሰሙ፣ «አጥፍታችሁ አብሩት እንጂ!» ብለው መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ገመዱን ነጨቁት። ጋሼን ስለማከብራቸው ምንም አላልኩም፤ ያላልኩት ሁሉ ግን እዚህ ይሰፍራል።

ከሁሉ የሚያናድደው ምክሩ መሥራቱ ነው። በቤታችን አንድ ስም ይዘው በጋራ የሚሠሩ ሦስት መሣሪያዎች አሉ፤ ዋናው ሳሎን፣ አንደኛው ቅርንጫፍ መኝታ ቤቶቹ ጋ፣ ሌላኛው ከጓሮ ሰርቪሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሻጮቹ ይህን ሜሽ ይሉታል። ስልክ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው ግን መሣሪያው ሳይሆን ስልኩ ራሱ ነው፤ መሣሪያው ቢበዛ «ወደዚያኛው ብትሄድ ይሻልሃል» ብሎ ሐሳብ ያቀርብለታል እንጂ አያዘውም። ስለዚህ ከበር ሲገባ የሳሎኑን የያዘ ስልክ፣ ባለቤቱ ጓሮ ደርሶ ከቅርንጫፉ አጠገብ ቢቀመጥም፣ የሳሎኑ ሞገድ እስኪሳሳና እስኪቆራረጥ ድረስ አልለቅም ይላል። መብራቱ ተነቅሎ ሲመለስ ሁሉም ስልኮች ስለሚባረሩ፣ ሲመለሱ እያንዳንዱ የሚቀርበውን ይይዛል፤ ቤቱም ለጥቂት ሰዓት ሰላም ይሆናል። መካሪው ምስጋናውን የሚቀበለው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ነው። ችግሩ ሲመለስ እሱ ከቤቱ የራሱን እየነቀለ ነው።

በዚያ ላይ እንዲህ ያሉ ብዙ መሣሪያዎች ማን መቼ እንደወጣና ለምን እንደወጣ የሚመዘግቡት ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ጋሼ ገመዱን ሲነቅሉ የነቀሉት ምስክሩን ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚለውን ተረት እጅግ እወደዋለሁ። የሚያሳዝነው የማይወደው ሰው አለመኖሩ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ጉዳዩን የሚከፍቱት ጉሮሯቸውን ጠርገው ይህንኑ ተረት በመጥቀስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥሩን ለመቆፈር ዶማ የሚያነሣ አይገኝም። «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ፣ ያለፈው አለፈ» ይባላል፤ ጉልበት ይሳማል፤ ምሳ ይቀርባል። ማን ማንን እንደበደለ የሚጠይቅ ካለ ሰላም የማይወድ ተብሎ በዓይን ይገረፋል። በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤም የድንኳንና የወንበር ኪራይ ሒሳብ አልገጥም ባለ ጊዜ፣ «ካለፈው ይልቅ ስለ ወደፊቱ ብንነጋገር» ያሉት አባል ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተቸራቸው፤ ወዲያውም የሒሳብ ተቆጣጣሪ ሆነው ተመረጡ። እኔ እጄን ያነሣሁት ለመቃወም ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ግን ከደጋፊዎች ጋር ቆጠረኝ። ይህንንም አልረሳሁትም።

የእኛን ቤት ሥሩን ብንቆፍር የሚገኘው ብረት ነው። ግድግዳው ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት ሲሆን ሰርቪሱ ደግሞ ዙሪያውን ቆርቆሮ ለብሷል፤ የዋይፋይ ሞገድ ብረት ሲያጋጥመው ተመልሶ ይነጥራል እንጂ አያልፍም። ፈጣኑ የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ በግድግዳ ቶሎ ይደክማል፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተባለው የተሻለ ዘልቆ ቢሄድም፣ እርስ በርስ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎቹ፣ ማለትም የሞገዱ መተላለፊያ መስመሮች፣ 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው ሰፈሩ ሁሉ በሦስቱ ላይ ይጋፋል። ምግብ የሚያሞቀው ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚያው የሞገድ ክልል ነው።

ቤቱ ሲሠራ፣ ግድግዳው ሳይለሰን፣ ከሳሎን እስከ ሰርቪስ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ እንዲቀብርልኝ የለመንኩት ሥራ ተቋራጭ «ዘመኑ እኮ የገመድ አልባ ነው!» ብሎ በሠራተኞቹ ፊት ሳቀብኝ። ዘመኑን ያወቀው እሱ፣ በዘመኑ የሚሰቃየው እኔ። ቅርንጫፉ በገመድ ካልተያያዘ ከዋናው በአየር የተቀበለውን መልሶ በአየር ማስተላለፍ አለበት፤ ሁለቱንም በአንድ ሞገድ ሲሠራ አንዴ እያዳመጠ አንዴ እየተናገረ ስለሆነ ፍጥነቱ በየቅብብሎሹ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰውየውን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቅ።

ስለ መብራት ደግሞ ባልናገር ይሻል ነበር። በከተማችን ዳር በኮረብታው ላይ የአዳማ አንድ 51፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ተርባይኖች ሲሽከረከሩ እያየን ሳሎናችን ይጨልማል። ኃይሉ የሚገባው ወደ ብሔራዊው መስመር እንጂ በቀጥታ ወደ እኔ ሶኬት ስላልሆነ ተርባይኖቹን አልቀየማቸውም። መብራቱ ሲመለስ ግን መሣሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ቅርንጫፎቹ ገና ያልተዘጋጀውን ዋናውን ሲፈልጉ፣ ኢንተርኔቱን ከውጭ የሚቀበለው አሮጌ ራውተር ቀድሞ የራሱን ዋይፋይ ይለቃል። ለዚህ አሮጌ ራውተር፣ «ሰው እንዳይደናገር» በሚል ርኅራኄ፣ የሜሹን ስምና የይለፍ ቃል የሰጠው የባለቤቴ ወንድም ነው። ስሙ አንድ፣ ለየስልኩ የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለው ግን ሁለት ሆነ። የልጃችን ስልክ በሁለቱ መካከል ሲዋልል መቆየቱ የታወቀው፣ ጋሼ ከሄዱ በኋላ መዝገቡ እንደገና ሲጠራቀም ነው። የአሮጌው ዋይፋይ ተዘግቶ ኢንተርኔቱን ማሳለፍ ብቻ እንዲሠራ በብሪጅ ሞድ ሲደረግ፣ አድራሻ ማደሉ ለሜሹ ዋና መሣሪያ ብቻ ሲተው፣ ስልኩ መውጣቱን አቆመ። ያለ ቱቦ የቀረው ገመድም አሁን በጣሪያው ክፈፍ ሥር ተወጥሮ፣ ላየው ሰው የልብስ ማስጫ መስሎ፣ ሰርቪሱ ደርሷል።

የቀረው ፕሪንተሩ ነው። የሚያውቀው 2.4 ብቻ ሲሆን፣ ስልኮች ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ቶሎ እንዲሸጋገሩ የተዘጋጀው ስልት ሲከፈት ደግሞ ጨርሶ ከኔትወርኩ ይጠፋል። ስልቱን ከዘጋሁት ወዲህ ልጆቹ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄዱ ቪዲዮው ይቆምብናል እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ፕሪንተሩም የሰርቪሱን ተከራይ ውል ማተም ጀምሮ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሟል።