ሒሳብን ከቤታችን አታስወጡት

አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ሰሞኑን ለወላጆች በላከው ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን አዟል፦ ወላጆች በቤት ውስጥ በጨዋታ መልክ ሒሳብ ማስተማራቸውን እንዲያቆሙ፣ በምትኩ በየምሽቱ ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ሦስት ገጽ ወርክሺት እንዲያሠሩ፣ እንዲሁም ልጆቹ ለምረቃው ቀን እስከ መቶ በቃላቸው እንዲቆጥሩ እንዲያለማምዷቸው። የተሰጠው ምክንያት ወላጆች፣ በተለይም በትምህርታቸው ያልገፉት፣ የተሳሳተ ዘዴ እያስለመዱ መምህራንን ያስቸግራሉ የሚል ነው። ልጄ እዚያው ስለምትማር ደብዳቤው በቀጥታ ይመለከተኛል። ይሁንና ለአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው አስተሳሰብ በየሠፈሩ በልዩ ልዩ ቃል ሲነገር መክረሙና ወላጆችም አንገታቸውን ደፍተው መቀበላቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ያልተማረ ወላጅ ልጁን በሒሳብ ያሳስታል የሚለውን አባባል እንመልከት፤ ከደብዳቤው ውስጥ ፈጽሞ መቆም የማይችለው እርሱ ነውና። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት በየማለዳው ያመጣችውን በእኩል መደብ ትከፋፍላለች፣ የመደቡን ዋጋ ከገዛችበት ጋር ታመዛዝናለች፣ የተበላሸውን ቀንሳ ትርፏን ታሰላለች፣ ገበያተኛው ለዘረጋላትም ብር መልሱን ሳትሳሳት ትቆጥራለች። ሸማኔው የጥለቱን ክር ቆጥሮ ግራና ቀኙን ያመሳስላል፤ ቆጠራው ከተዛባ ጥለቱ ይበላሽበታል። እነዚህ ሰዎች የአራት ዓመት ልጅ ስለ ቁጥር ማወቅ የሚገባውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ እጅግ የሚበልጠውን ያውቃሉ። የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ከእናቱ ጎን ቁጭ ብሎ አምስት አምስት ቲማቲም እየለየ ሲደረድር፣ አንዱ መደብ አራት ብቻ ሆኖበት «እማዬ፣ እዚህ አንድ ጎደለ» ሲላት፣ መደመርና መቀነስ ምን እንደሆኑ በእጁ ይዟቸዋል። እነዚህን ወላጆች ልጅ ያሳስታሉ ብሎ መጻፍ ድፍረት ነው፤ ለዚያውም አንድም ማስረጃ ያልቀረበበት ድፍረት።

እስከ መቶ በቃል መቁጠርም ሒሳብ እየተባለ መቅረቡ ያበቃ ዘንድ እለምናለሁ። ጋውን የለበሱ ሕፃናት መድረክ ላይ ወጥተው ቁጥሩን በአንድ ትንፋሽ ሲወርዱት ወላጅ ያጨበጭባል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ነገር ግን ቃላቱን በተራ መጥራት አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻው ቃል የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር መረዳት ደግሞ ሌላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስተል እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ሥራ ይህ መረዳት አንዱ የሆነባቸውን የቆጠራ መርሆች ለይተው አስቀምጠዋል። ካረን ዊን በ1990 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ አሳምሮ የመቁጠር ችሎታ ያላቸው ትንንሽ ልጆች እንኳ የተወሰነ ብዛት ያለው ነገር ስጡ ሲባሉ ብዙዎቹ ሳይቆጥሩ እጃቸው የገባላቸውን ዘግነው እንደሚሰጡ አሳይቷል። የሚጠራጠር ወላጅ ዛሬውኑ በቤቱ ይሞክረው። እስከ ሃያ የሚቆጥረውን የሦስት ዓመት ልጁን «አራት ድንች አምጣልኝ» ይበለውና ምን ይዞ እንደሚመጣ ይመልከት። ልጁ የሚሳሳት ከሆነ የሚያስፈልገው እስከ ሃምሳ መግፋት አይደለም፤ ሎሚውን፣ ሲኒውን፣ ጫማውን እየነካ ደጋግሞ መቁጠርና ስንት እንደሆነ መጠየቅ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሲኒ ማቅረብን የመሰለ ትምህርት ከወዴት ይገኛል? ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ መድረስ አለበት፤ አንድ እንግዳ ሲጨመር ሲኒው ይጎድላል፤ ልጅቷ ሌላ ለማምጣት ስትነሣ ቁጥር ለሰው የሚያገለግል ነገር መሆኑ ይገባታል።

በቤት የሚነገር ቁጥር ከንቱ አለመሆኑ ተለክቷል። ሱዛን ሌቪንና የሥራ ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት 44 ቤተሰቦችን ልጆቹ ከ14 እስከ 30 ወር እስኪሆናቸው ድረስ በየቤታቸው እየሄዱ ተከታትለዋል። በአምስት ጉብኝቶች ውስጥ ከልጁ ጋር አራት ጊዜ ብቻ የቁጥር ቃል የተናገረ ወላጅ ነበር፤ 257 ጊዜ የተናገረም ነበር። ልጆቹ ወደ አራት ዓመት ሲጠጉ የቁጥርን ትርጉም በማወቅ ረገድ የታየው ልዩነት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል፤ የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃና ወላጁ በጠቅላላው የሚያወራው መጠን ከግምት ከገቡ በኋላ እንኳ። ይህን እያወቀ ወላጅን ዝም በል የሚል ትምህርት ቤት ካለ ኃላፊነት የጎደለው ነው፤ ሳያውቅ ከሆነም ለወላጅ መመሪያ ከመላኩ በፊት ማንበብ ነበረበት።

አሁን ወደ ገበጣ እሄዳለሁ፤ ስለ ገበጣ ደግሞ ባጭሩ መናገር አልችልም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ የገበጣ ዓይነቶችን ሰብስበው ሲያሳትሙ ጨዋታው ከቦታ ቦታ ምን ያህል ደንቡን እንደሚለዋውጥ አሳይተዋል። ከብዙዎቹ መካከል ለሕፃን የሚቀለው ሁለት ረድፍ ያለው፣ በየረድፉም ስድስት ጉድጓድ ያለው፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር የሚገባበት ነው። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው የካርቶን ትሪ ስድስት በአምስት ስለሆነ ሁለቱን ረጃጅም ረድፎች ቆርጦ ማውጣት ይበቃል፤ ግቢ ያለው ደግሞ መሬቱን ይቆፍራል። በጠጠር ፋንታ ባቄላ ወይም ሽምብራ ይሆናል። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ፍሬ አይሰጥም፣ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል፤ ለእርሱ ድንችና ሎሚ መደርደር ይበቃዋል።)

ጨዋታው ሲጀመር ልጁ በየጉድጓዱ አራት አራት እየጨመረ ይሞላል፤ ይህ ብቻውን አሥራ ሁለት ጊዜ አራትን መቁጠር ነው፣ ማንም ግን መልመጃ ነው ብሎ አልነገረውም። ቀጥሎ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ አንሥቶ ወደፊት አንድ አንድ እያደለ ይሄዳል፤ እዚህ ላይ አንድ ፍሬ ለአንድ ጉድጓድ እንደሚደርስ ጣቶቹ ይማራሉ። ሁለት ፍሬ በአንድ ጉድጓድ ከጣለ ታናሽ እኅቱ እንኳ ታስቆመዋለች። ጥቂት ቀን ሲጫወት አራት ፍሬን ሳይቆጥር በዓይኑ ያውቃል፤ ከዚያም «ከዚህኛው ባነሣ የመጨረሻዋ የት ትወድቃለች?» ብሎ ሳይነካ ማሰብ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ልጁ በዓይነ ኅሊናው አምስት ወደፊት እየቆጠረ ነው፣ እየደመረ ነው፣ ሁለት አማራጭ እያነጻጸረ ነው፤ ቢሳሳትም ስሕተቱን የሚነግረው ቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን ባዶው ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህ አያፍርም፣ እንደገና ይሞክራል። አያቱ ፊደል ያልቆጠረች ብትሆን እንኳ በዚህ ጨዋታ ታሸንፈዋለች፤ እንዴት እንዳሸነፈችው ሲጠይቃት የምትሰጠው ማብራሪያ ለእርሱ የሒሳብ ትምህርት ነው። ሰኞ ማክሰኞ፣ ብይና ቅልብልቦሽ ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ገበጣ ግን ከሁሉም የተሟላ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህች አገር ገበጣ የሌለው መዋዕለ ሕፃናት ሒሳብ አስተምራለሁ ለማለት ምን እንደሚያደፍረው አይገባኝም።

ጨዋታ ውጤት የለውም የሚሉም ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ይስሙ። ጊታ ራማኒና ሮበርት ሲግለር በ2008 ባሳተሙት ጥናት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሕፃናት ከአንድ እስከ አሥር በተጻፈበት ቀጥ ያለ ሰሌዳ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተጫወቱ። በቆጠራም፣ ቁጥርን በመለየትም፣ የቱ እንደሚበልጥ በማወቅም ተሻሻሉ፤ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም ለውጡ አልጠፋም። በቀለም ብቻ በተሠራ ተመሳሳይ ሰሌዳ የተጫወቱት ልጆች ይህን አላገኙም። ወላጅ ጊዜ የለውም ለሚሉ መልሱ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ስላለ ነገሩን አላስረዝመውም።

ይልቅ በእውነት የሚያስፈራው ደብዳቤው በጨዋታው ምትክ ያዘዘው ነው። በ2015 በኤሪን ማሎኒ መሪነት የታተመ ጥናት ሒሳብን የሚፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን የሒሳብ የቤት ሥራ አዘውትረው ሲያግዙ ልጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ያወቁት ሒሳብ ያነሰ፣ ፍርሃታቸውም የበዛ መሆኑን በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ከቺካጎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እንዲሁ የሚፈሩ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የቁጥር ጥያቄ ያለበት አጭር ታሪክ ሲያነቡ ልጆቹ በሒሳብ ይበልጥ እንደተጠቀሙ አስታውቋል። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ በሒሳብ የማይተማመነውን ወላጅ የሚጠቅመውን ከልክሎ የሚጎዳውን አዞለታል። ቀኑን ሙሉ ሠርታ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆማ የደረሰች እናት እንቅልፉ የመጣበትን ልጅ በሦስት ገጽ ነጥብ ላይ «ጻፍ እንጂ!» እያለች ስትጮህ የሚማረው አንድ ነገር ቢኖር ሒሳብ የእናቱን ፊት እንደሚያጠቁር ነው።

ለመምህራን የምተወው ነገር አለ፤ የቁጥር አጻጻፍን፣ የምልክቶችን ሥርዓት፣ መስመር መጠበቅን እነርሱ ያስተምሩ። ከዚያ በቀር ግን ቤት ውስጥ ያለውን ሒሳብ ማንም ሊዘጋው አይችልም። ጠረጴዛውን በስንዝር መለካትን ብቻ ውሰዱ። አባት ሲለካው ስድስት ስንዝር የሆነው ጠረጴዛ ልጁ ሲለካው አሥር ይሆናል፤ ልጁም ጠረጴዛው አደገ ወይ ብሎ ይገረማል። አባትየው መልሱን ቶሎ ባይነግረውና ሁለቱ እጃቸውን አጋጥመው ቢመለከቱ፣ መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚበዛ ልጁ ራሱ ይደርስበታል። ብዙ ተማሪ ሜትርና ሴንቲሜትር ሲደባለቅበት የሚኖረው ይህን ቀድሞ በእጁ ስላላየው ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጤት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በየዓመቱ የምንጣላው ስለ ፈተናው አሰጣጥ ነው፤ እኔ ግን ውድቀቱ የተጀመረው ልጆቹ ቁጥርን ሳይነኩት በቃላቸው እንዲሸመድዱት በተደረጉበት ዕድሜ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግሬግ ደንካንና ባልደረቦቹ በ2007 ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉ ስድስት ጥናቶችን አስተያይተው ልጅ ትምህርት ሲጀምር ያለው የሒሳብ ዕውቀት የኋላውን ውጤት ከሌሎቹ ችሎታዎች ሁሉ በላይ እንደሚጠቁም ጽፈዋል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወላጅን መርዳት ከፈለገ መንገዱ ክፍት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ወላጆችን ጠርቶ ከልጆቻቸው ጋር ገበጣ ያጫውታቸው፤ አያቶችንም ይጋብዝ፣ ደንቡን ከብዙዎቻችን አሻሽለው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ወርክሺቱን ይተውና በኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ ለምሽቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፍ፦ በቤታችሁ ስንት ሰው አለ፣ ስንትስ ጫማ አለ? ከጓዳ እስከ በር በእናንተ እርምጃ ስንት ነው፣ በእናታችሁስ? አንድ ድፎ ዳቦ ለስድስት ሰው እኩል እንዲደርስ እንዴት ይቆረጣል? በማግስቱ መምህሯ የልጆቹን መልስ ሰሌዳ ላይ ትጻፈው፤ ለምን እንደተለያየም እርስ በርስ ይከራከሩበት።